ፍትሕ ሰይፍ ይዟል ወይስ ይዛለች?

ጥያቄ፦ ስለ ታሪካዊ ሕንፃዎች ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ለንደን ያለው የኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት ጉልላት ላይ ሰይፍና ሚዛን የያዘች ሴት ሐውልት አለች። እኔ «ፍትሕ ሰይፍ ይዛለች» ብዬ ጻፍኩ፤ አርታኢዬ «ይዟል» ብሎ አረመው። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እርስዎ ነዎት። አርታኢዎም ግን ከመሬት ተነስተው አላረሙም። ፍትሕ ሐሳብ ሲሆን አማርኛ በወንድ ነው የሚጠራው። «ፍትሕ ተጓደለ» እንላለን እንጂ «ተጓደለች» የሚል ሰው አልሰማሁም።

እዚህ ላይ ግን ጉልላቱ ላይ የወጣው ሐሳቡ ብቻ አይደለም፤ ሐሳቡ ሰው ሆኖ ነው የቆመው፣ ሰውየው ደግሞ ሴት ናት። ቀሚስ ለብሳ፣ ሁለት እጇን ግራና ቀኝ ዘርግታ፣ በቀኟ ሰይፍ በግራዋ ሚዛን ይዛ የቆመችን ሴት «ይዟል» ማለት ጆሮ ይቆረቁራል።

ለምን ሴት ሆነች ካሉ፣ ነገሩ ከላቲን ነው የመጣው። ፍትሕም ነፃነትም ድልም በላቲን አንስታይ ናቸው፤ ሮማውያንም ሦስቱንም እንደ ሴት አማልክት ያመልኳቸው ነበር። የኋለኞቹ ቀራጮች ይሄንኑ ወረሱ። ዋሽንግተን ካፒቶል ጉልላት ላይ እ.ኤ.አ. በ1863 የቆመችው ነፃነት ሴት ናት። በርሊን፣ ብራንደንቡርግ በር አናት ላይ ባለ አራት ፈረሱን ሠረገላ የምትነዳው ድልም ሴት ናት፤ ናፖሊዮን በ1806 ከነፈረሶቿ ነቅሎ ፓሪስ ወስዷት በ1814 ነው የተመለሰችው።

ስለ ዕቃው ሲያወሩ ወደ ወንዴው ይመለሱ። ለምሳሌ ስለ ኦልድ ቤይሊው «ሐውልቱን የሠራው ቀራጩ ፖምሮይ ነው፣ ነሐሱ በወርቅ ተለብጧል» ካሉ በኋላ «ፍትሕ ግን ዓይኗን አልታሰረችም» ቢሉ ምንም አይጋጭም። በነገራችን ላይ የኦልድ ቤይሊዋ እውነትም ዓይኗ አልተሸፈነም። ብዙ ሰው ግን ሳያይ በልማድ «ዓይኗን በጨርቅ የታሰረች» ብሎ ይጽፋል፤ እርስዎ እንዳይሸወዱ።

ሌላው፣ ሁሉንም ሐውልት አይበሉ። ሐውልት ራሱን ችሎ የቆመው ነው። ከግድግዳው ሳይነጠል ድንጋዩ ላይ የተፈለፈለውን ቅርጽ ይበሉት።

ጥያቄዎ ውስጥ «ሴት ሐውልት አለች» ብለዋል። እሱን አርታኢዎ ቢያርሙት ኖሮ ከእሳቸው ጋር ነበርኩ፤ ሴቷ የተቀረጸችው እንጂ ሐውልቱ አይደለም፣ ስለዚህ «የሴት ሐውልት አለ» ነው።