«እነዚህን አምጪልኝ» ላለሽ አስተማሪ

የጠያቂዋ ደብዳቤ ባጭሩ፦ «ጋሼ፣ ከባሕር ዳር ነው የምጽፍልዎት። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። እምቦጭ በጣና ዳር ዓሣ አስጋሪዎች ኑሮ ላይ ስላደረሰው ጉዳት ተርም ፔፐር ጽፌ ነበር። አስተማሪዬ ሦስት ማጣቀሻዎችን በቀይ ከብቦ ‹እነዚህን አምጪልኝ› ብሎ መለሰልኝ። ሦስቱንም የሰጠኝ ኤአይ ነው፤ ብፈልግ ብፈልግ አጣኋቸው። ላፕቶፔ ውስጥ አርባ ያህል ፒዲኤፍ አለ፣ የትኛው ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ሦስት ሳምንት ተሰጥቶኛል። ደግሞስ ለአንድ ወረቀት ይህን ያህል መድከሜ ነገ ሥራ ስፈልግ ምን ይጠቅመኛል?»

ታናሽ እህቴ፣

ከሦስቱ ማጣቀሻዎች ልጀምር። ያጣሻቸው መፈለግ ስላልቻልሽ አይደለም፣ ስለሌሉ ነው። ኤአይ ማጣቀሻ ሲጠየቅ እውነት የሚመስል ነገር ገጣጥሞ ሊሰጥ ይችላል። የጸሐፊው ስም ያገራችን ሰው ስም ነው፣ መጽሔቱም በእርግጥ የሚታተም ነው፣ ዓመቱም አይጣረስም። ጽሑፉ ግን ተጽፎ አያውቅም። ማጣራቱ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ዛሬ የሚታተሙ አብዛኞቹ የጥናት ጽሑፎች በ10 የሚጀምር፣ ዲኦአይ የሚባል መለያ ቁጥር አላቸው። ቁጥሩን ዲኦአይ ድረ ገጽ ላይ ብታስገቢው ወይ ጽሑፉ ይከፈታል፣ ወይ ሌላ ጽሑፍ ይመጣል፣ ወይ እንደሌለ ይነግርሻል። ቁጥር ከሌለው ሙሉ ርዕሱን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርገሽ ጎግል ስኮላር (የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያው) ላይ ፈልጊው። ካጣሽው አውጪው። በእሱ ላይ የቆመውንም ዓረፍተ ነገር አብረሽ አውጪ፤ ሌላ ምንጭ ስታገኚ ትመልሽዋለሽ። ብዙ ተማሪ ማጣቀሻውን ይሰርዝና ዓረፍተ ነገሩን ይተወዋል፣ ያ ደግሞ ከመጀመሪያው ይብሳል። ለአስተማሪሽም ከየት እንዳመጣሻቸው ሳትደብቂ ንገሪው።

የሥራውን ጥያቄ በራሴ ታሪክ ልመልስልሽ። ተመርቄ በተቀጠርኩበት የመጀመሪያ መሥሪያ ቤት ስለ ጣና አንድ ሪፖርት አዘጋጅ ተባልኩ። በአንዱ ገጽ የሐይቁን ስፋት 3,600 ካሬ ኪሎ ሜትር አልኩ፣ በሌላው ገጽ 3,000። ኃላፊዬ በስብሰባ መሀል «የትኛው ነው? ከየትስ አመጣኸው?» ብለው ሲጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም። ሁለቱንም አንብቤያለሁ፣ የት እንዳነበብኳቸው ግን አልጻፍኩም። ሁለት ቀን ሙሉ ወደ ኋላ ስፈልግ ነው ነገሩ የገባኝ። ጣና ጥልቀቱ ጥቂት ነው፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። የፎገራና የደምቢያ ዳርቻው ደግሞ ሜዳ ስለሆነ ውኃው ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ስፋቱ ይቀየራል። እ.ኤ.አ. በ1996 የጨረጨራ የውኃ በር ተሠርቶ የሐይቁን መውጫ መቆጣጠር ተጀመረ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ከምዕራብ በኩል ውኃ መውሰድ ጀመረ። ስለዚህ ስለ ሐይቁ መጠን የሚነገር ቁጥር ማን እንደለካውና መቼ እንደለካው ካልታወቀ ምንም አይነግርሽም። ዛሬ ሥራ ፈላጊዎችን ሳማክር ቀጣሪዎች ደጋግመው የሚነግሩኝ ይህንኑ ነው። ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ሞልቷል፤ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ሲባል ፋይሉን ከፍቶ ገጹን የሚያሳይ ግን ጥቂት ነው። በምርምር ረዳትነትም ሆነ በክትትልና ግምገማ ሥራ የሚፈለገው ይህ ልምድ ነው፤ አሁን በዚህ ወረቀት ላይ የምትለማመጂውም እሱን ነው።

አሁን ወደ ፍለጋው። ምንጭ የሚታጣው አብዛኛውን ጊዜ በቃሉ ምክንያት ነው። እኛ እምቦጭ ያልነውን ተመራማሪዎች በእንግሊዝኛ «ዋተር ሃያሲንት» ይሉታል። በሳይንሳዊ ስሙ ደግሞ ለረጅም ጊዜ አይኮርኒያ ክራሲፔስ ሲባል ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ ፖንቴዴሪያ ክራሲፔስ ተዛውሯል። በአንዱ ስም ብቻ ከፈለግሽ ግማሹ ያመልጥሻል፤ ሁለቱንም በየተራ ሞክሪ። ለዓሣዎቹም እንዲሁ ነው። አስጋሪዎቹ ቆሮሶ የሚሉት ጥናት ላይ ናይል ቲላፒያ ነው፣ አምባዛ ካትፊሽ ነው። በጣና ብቻ የሚገኙት ዝርያዎች በቀድሞ ጽሑፎች ባርበስ፣ በአሁኖቹ ላቤኦባርበስ ይባላሉ። ጣና ራሱ በድሮ የውጭ ጽሑፎች «ጻና» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ወረቀት ወስደሽ ለእያንዳንዱ ነገር ያሉትን ስሞች ሁሉ ጎን ለጎን ጻፊ፤ ኮምፒውተሩን ከዚያ በኋላ ክፈቺ።

አንድ ጥሩ ጽሑፍ ካገኘሽ ከእሱ ሳትርቂ ብዙ ታገኛለሽ። ከመጨረሻው ያሉት ዋቢዎች ወደ ኋላ ይወስዱሻል። ጎግል ስኮላር ላይ ከርዕሱ ሥር ያለው «ሳይትድ ባይ» የሚለው ደግሞ ያንን ጽሑፍ ኋላ የጠቀሱትን ያሳይሻል። እኔ አዲስ ርዕስ ስጀምር የምፈልገው አንድ ደህና ጽሑፍ ብቻ ነው፣ የቀረውን እሱ ይመራኛል።

ድረ ገጹ ጽሑፉን ለማንበብ ክፈይ ሲልሽ አትክፈይ። ጎግል ስኮላር ላይ በቀኝ በኩል ነጻ ፒዲኤፍ ካለ ይታያል፣ ከሥር «ኦል ቨርዥንስ» የሚለውንም ንኪ። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባለው ፕሮግራም ለኢትዮጵያ ተቋማት ብዙ መጽሔቶችን በነጻ ይከፍታል። ለአንቺ ርዕስ በውስጡ ያሉት አጎራ (የግብርና) እና ኦአሬ (የአካባቢ) ይጠቅሙሻል፤ የይለፍ ቃሉን ላይብረሪ ገብተሽ ጠይቂ። የላይብረሪ ሠራተኞችን መጠየቅ የሚያፍር ተማሪ ብዙ ነው፣ አንቺ አታፍሪ። የአፍሪካ መጽሔቶችን የሚሰበስበው አጆል ላይ ሲኔትን የመሳሰሉ ያገራችን መጽሔቶች አሉ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስና የዶክትሬት ጥናቶችን በድረ ገጻቸው ያስቀምጣሉ። አንድ የማስተርስ ጥናት ለእንዳንቺ ዓይነት ወረቀት ወርቅ ነው፤ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ከአንቺ በፊት የፈለገ ሰው ያገኘውን ሰብስቦ አስቀምጦልሻል። ግን ከዚያ ምዕራፍ ተነሥተሽ ወደ ዋናው ጽሑፍ ሂጂ እንጂ እሱ የጠቀሰውን ያነበብሽ አስመስለሽ አትጥቀሺ። ዋናውን ማግኘት ካልቻልሽ «እገሌ በእገሌ እንደተጠቀሰው» ብለሽ ጻፊ።

ከተማሽ ውስጥም ምንጭ አለ። የዓሣና ሌሎች የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከሉ እዚያው ባሕር ዳር ነው። ከትምህርት ክፍልሽ የትብብር ደብዳቤ አጽፈሽ ሂጂና ሪፖርት ጠይቂ፤ ከሰጡሽ የመሥሪያ ቤቱን ስም፣ ዓመቱንና ገጹን እዚያው ቆመሽ ጻፊ።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፣ እሱም የዘመን አቆጣጠር ነው። በላክሽልኝ ወረቀት ላይ እምቦጭ በጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2011 ነው ብለሽ ጽፈሻል። ያነበብሽው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነውና እ.ኤ.አ. ማለቱ ነው፣ በእኛ 2003 መጨረሻ ወይም 2004 መጀመሪያ። አንቺ ግን በአማርኛ «በ2011» ብለሽ ተውሽው። በዚያው ገጽ ታች ደግሞ በ2010 ዓ.ም. ከኦሮሚያ «ጣና ኬኛ» ብለው እምቦጭ ሊነቅሉ የመጡትን ወጣቶች አንሥተሻል። አንባቢሽ ሲያነበው ወጣቶቹ አረሙ ከመታየቱ በፊት ሊነቅሉት መጡ ማለት ነው። እያንዳንዱ ዓመት አጠገብ «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» ይኑር። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ልዩነት ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት እንደሆነም አትርሺ። በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ ስትጠቅሺ ሽፋኑ ላይ ያለውን ዓ.ም. እንዳለ አስቀምጪው።

የስም ነገርም አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። የታሪክ ምሁሩን ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን ያገራችን ጽሑፎች በ«ባሕሩ» ይጠቅሷቸዋል፣ የውጭዎቹ «ዘውዴ» ብለው በአባታቸው ይደረድሯቸዋል። ስትፈልጊ ሁለቱንም ሞክሪ። ስትጽፊ የትምህርት ክፍልሽን መመሪያ ጠይቀሽ አንዱን ምረጪና እስከ መጨረሻው በእሱ ጽኚ፤ አንድ ሰው በዋቢ ዝርዝርሽ ውስጥ ሁለት ሰው እንዳይሆን።

ስለ አርባዎቹ ፒዲኤፎች። ዞቴሮ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ላፕቶፕሽ ላይ ጫኚ፤ ኔት በሌለበት ዶርም ውስጥም ይሠራል። ኔት ባለበት ቦታ ፒዲኤፎቹን ጎትተሽ ስትጥይበት ደግሞ የብዙዎቹን ርዕስ፣ ጸሐፊና ዓመት ራሱ ያወጣል፣ ዋቢውንም ወርድ ላይ ይደረድርልሻል። ግን አትመኚው፣ እያንዳንዱን ከፒዲኤፉ የመጀመሪያ ገጽ ጋር አስተያዪ። ያገራችንን ጸሐፊዎች ስም ለሁለት ከፍሎ የአባቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይይዘዋል፤ መመሪያችሁ በራስ ስም የሚል ከሆነ ከስሙ አጠገብ ያለችውን ምልክት ነክተሽ ወደ አንድ ሳጥን ቀይሪው። በኢንተርኔት በነጻ የሚያስቀምጥልሽ ፋይል 300 ሜጋባይት ነው፣ ለአርባ ጽሑፍ ይበቃሻል። እኔ የመመረቂያ ጽሑፌን ምንጮች በአንዲት ፍላሽ ይዤ ስዞር ቫይረስ በላብኝ፤ ስለዚህ አንዱ ቅጂ ከላፕቶፕሽ ውጭ ይሁን።

አርባውን ሁሉ አታንብቢ። አብስትራክቱን (መግቢያው ላይ ያለውን አጭር ማጠቃለያ) እና መደምደሚያውን አንብበሽ ስለ አስጋሪዎች ኑሮ ምንም የማይለውን ወደ ሌላ ፎልደር አዛውሪው። አሥር ወይም አሥራ ሁለት ቢቀሩሽ በቂ ነው። ለእነዚያ ለእያንዳንዳቸው ዞቴሮ ውስጥ ባለው ማስታወሻ ላይ በአማርኛ፣ በራስሽ ቃል ጻፊ፦ ምን አገኘ፣ በየት ቀበሌ፣ ስንት ሰው ጠይቆ፣ በየትኛው ገጽ። እንዳለ የገለበጥሽውን በትምህርተ ጥቅስ ዝጊው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የራስሽ ነው የእሱ የሚለው ይጠፋብሻል። ሁለት ጥናቶች ከተጋጩብሽ አትደንግጪ። አንዱ በክረምት፣ ሌላው በበጋ፣ አንዱ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ ሌላው ከተማው አጠገብ ያሉ ባለ ታንኳዎችን ጠይቆ ሊሆን ይችላል። ያንን ልዩነት መጻፍ የወረቀትሽ ጥሩው ክፍል ይሆናል።

ይህን ሳምንት ለማጣራቱና ለማንበቡ ስጪው፣ ሁለተኛውን ለመጻፍ። ሦስተኛው ሳምንት ሲጀምር ሙሉውን ከመላክሽ በፊት የዋቢውን ገጽ ብቻ ላኪልኝ። ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ እከፍታቸዋለሁ፣ የማይከፈት ካለም እነግርሻለሁ።