ጥርሱን ቁጠሩት

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ሳይክል ማርሽ ናቸው። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ስለደረቀ ይመስለኛል። አራቱን መረጥኩ። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ የብዙዎቻችሁ ችግር ስለሆነ።

ከሽሮ ሜዳ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ26 ዓመት ልጅ ነኝ። ያገለገለ ባለ 21 ማርሽ ማውንቴን ሳይክል ገዛሁ። ጎማው 26 ኢንች ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም እወጣለሁ። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ግን ወርጄ እገፋለሁ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ‹አይዞህ› ይሉኛል፤ እሱ ደግሞ ይብስብኛል። ጓደኛዬ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አሥራ ሁለት ማርሽ ያለውን ካላስገባህ አትወጣውም አለኝ። ዋጋውን ስጠይቅ ሳይክሉን ከገዛሁበት በለጠብኝ። ምን ይመክሩኛል?»

እናቶቹ ልክ ናቸው፤ አይዞህ።

መጀመሪያ ያንን 21 የሚል ቁጥር እርሳው። ከፊት (ፔዳሉ ጋር) 3፣ ከኋላ (የኋላ ጎማው ላይ) 7፣ ሲባዛ 21፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ከ21ዱ ብዙዎቹ እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። ዳገት የሚያወጣህ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። አንዱ ከፊት ያለው የትንሹ ማርሽ ጥርስ ብዛት ነው። ሌላው ከኋላ ያለው የትልቁ ማርሽ ጥርስ ብዛት። የፊቱን ለኋላው አካፍለው። ውጤቱ ባነሰ ቁጥር ዳገቱ ይቀላል። ሻጭ «ስንት ማርሽ አለው» የሚለውን ሲያወራልህ አንተ ጎንበስ ብለህ ጥርሱን ቁጠር።

ይህን ልጅ ደውዬ ጥርሱን አስቆጠርኩት። ከፊት 42፣ 34 እና 24 አለው። ከኋላ ከ14 እስከ 28። «እሺ፣ ዳገቱ ላይ ከፊት ትንሹ ላይ ስታደርገው እንዴት ነው?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ኧረ ጋሼ፣ እሱ እኮ አይገባም። ስገዛውም አይገባም ነበር» አለኝ።

በቃ፣ ተገኘ። ልጁ 21 ማርሽ ገዝቶ የሚነዳው 14 ነው። የጎደሉት ሰባቱ ደግሞ ለእንጦጦ የተሠሩት ናቸው።

ሒሳቡን እንየው። አሁን የሚወጣው በ34 ለ28 ነው፤ 1.21 ይሆናል። የ26 ኢንች ጎማ ዙሪያው ወደ 2.07 ሜትር ነው። ስለዚህ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ሳይክሉ 2.5 ሜትር ይሄዳል። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በእግረኛ ፍጥነት፣ ለመውጣት በደቂቃ 33 ጊዜ ብቻ ይረግጣል። ያ መርገጥ አይደለም፤ በአንድ እግር ደረጃ መውጣት ነው። ትንሹ የፊት ማርሽ ቢሠራለት 24 ለ28 ይሆናል፤ 0.86። በዚያው ፍጥነት 47 ጊዜ ይረግጣል። የኋላውን ትልቅ ጥርስ 34 ካደረገው ደግሞ 0.71 ይሆናል፤ 57 ጊዜ።

የሚያወጣው ጉልበት በሦስቱም ያው ነው። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው 14 ኪሎ ሳይክል ይዞ፣ በ100 ሜትር 10 ሜትር የሚወጣ ዳገት ላይ፣ በዚህ ፍጥነት ወደ 130 ዋት ያስፈልገዋል። ይህን ማርሽ አይቀንሰውም። ማርሽ የሚለውጠው አከፋፈሉን ነው። እቁብ በወር አንዴ 3,000 ብር ከመጣል በየቀኑ 100 ብር መጣል ይቀላል አይደል? ጉልበትህም እንደዚያው ነው። እንጦጦ ማርያም ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗንም አትርሳ። አየሩ ሳሳ ይላል። ጉልበት እዚያ ላይ ውድ ነው።

እንግዲህ ሥራው ይህ ነው። የፊተኛውን ማርሽ ቀያሪ ሽቦ ከነመሸፈኛው ቀይረው። ዝገት ሳይኖርበት አይቀርም። ከዚያ ቀያሪው ላይ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሉ። ኤል የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል ያለበትን ሩብ ሩብ ዙር እያላላህ ሞክር። ካቴናው ትንሹ ላይ ወርዶ፣ ወደ ውስጥ ግን ሳይወድቅ ሲቀር አቁም። ከዚህ በኋላ አንድ ቅዳሜ ውጣበት። ከበቃህ ገንዘብህን አትንካ።

ካልበቃህ ከኋላ ባለ 7ቱን ከ14 እስከ 34 ጥርስ ያለውን ፈልግ። የእኛ አገር ርካሽ ሳይክሎች ላይ አብዛኛው በመጠምዘዝ የሚታሰር ዓይነት ነው። የሚፈታው ለእሱ በተሠራ ቁልፍ ብቻ ነው። አደራ፣ በመሮና በመዶሻ አታስፈታ። አንድ የቸኮለ ጠጋኝ ለእኔ እንደዚያ ፈታልኝ። ማርሹ ወጣ፤ የጎማው እምብርትም አብሮ ተሰነጠቀ። የኋላው ቀያሪህ እስከ 34 ጥርስ የሚችል መሆኑንም ሳትገዛ ጠይቅ። ካቴናም ሊረዝም ይገባል። ልኩን እንዲህ ታገኘዋለህ፦ በቀያሪው ውስጥ ሳታሳልፈው ከፊት በትልቁ፣ ከኋላም በትልቁ ማርሽ ላይ አዙረው፤ ከዚያ አንድ ኢንች ጨምር።

ስለ ጓደኛህ ሐሳብ። ዘመናዊው ከፊት 32፣ ከኋላ ትልቁ 51 ጥርስ ነው። ሲካፈል 0.63። የድሮው ከፊት ሦስት ያለው ጥሩ ሳይክል ደግሞ 22 ለ34 ነበር፤ 0.65። ልዩነቷን አየሃት? አዲሱ ዳገት ስላቀለለ አይደለም የተወደደው። በ2012 (በፈረንጆቹ) ስራም የሚባለው ማርሽ ሠሪ ከፊት አንድ፣ ከኋላ 11 የሆነውን ሲያወጣ ከኋላ ከ10 እስከ 42 ነበር። በ2016 ከኋላ 12 ሆኖ ትልቁ 50 ጥርስ ደረሰ። ሌላው ሠሪ ሺማኖ በ2018 በ51 መጣ። የምትገዛው ምቾት ነው። አንድ መቀየሪያ ብቻ ታንቀሳቅሳለህ። የፊቱ ጥርስ አንዱ ወፈር፣ አንዱ ቀጠን ስለሚል ካቴናው ድንጋይ ላይ ቢዘልም በቀላሉ አይወልቅም። ደስ ይላል፣ አልክድም። ግን 10 ጥርስ ያለው የኋላ ማርሽ ያንተ ጎማ ላይ አይገባም። የራሱን እምብርት ይፈልጋል። ስለዚህ ማርሽ ልግዛ ብለህ ጎማ ትገዛለህ። ቀያሪው የሚታሰርባት ብረት ትንሽ ከተጣመመች ደግሞ 12ቱ በሙሉ ይረበሻሉ። ባለ 7ቱ እንዲህ ያለውን ችሎ ይሄድ ነበር።

መሃሉን ከፈለግክ ማይክሮሺፍት የሚባለው ባለ 8ና ባለ 9 ሠርቷል፤ ከኋላ እስከ 42 ጥርስ ያለው። በመጠምዘዝ በሚታሰረው ላይ ሳይሆን በተለመደው የካሴት እምብርት (ማርሹ ተንሸራቶ በሚገባበት) ላይ ይገባል። ከፊት 30 ብታስር 30 ለ42 ነው፤ 0.71። ከላይ ከነገርኩህ ከ24 ለ34 ጋር እኩል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ወጣት ሳለሁ ጎበዞች ትንሿን የፊት ማርሽ አይጠቀሙም ተባልኩና ፈትቼ ጣልኳት። ሳይክሉም ይቀለኛል ብዬ ነው። ከዚያ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወረድን። ቁልቁለቱ ሠርግ ነበር። ከድልድዩ ወደ ደጀን ያለው ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፤ ሙቀቱም አለ። ደጀን የገባሁት በአይሱዙ ላይ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ነው። ትንሿ ማርሽ ስትመዝን መቶ ግራም አትሞላም ነበር።

ከዴንቨር፣ ኮሎራዶ

«ጤና ይስጥልኝ። አዲስ ማውንቴን ሳይክል ገዛሁ። ጎማው 29፣ ከፊት 32፣ ከኋላ ከ10 እስከ 51 ነው። ከከተማው በስተምዕራብ ያሉት ተራሮች ላይ ስወጣ ከመጨረሻው ማርሽ በኋላ ሌላ አንድ ቢኖር እላለሁ። ባለቤቴ ባትሪ ያለው ግዢ ይለኛል። ዕድሜዬ 51 ነው፤ እንደ ማርሼ።»

እኅቴ፣ ከፊት ያለውን 32 ወደ 28 ያውርዱት። ሙሉ ሳይክሉን የሚነካ ነገር የለም፤ ጥርስ ያለው አንድ ቀለበት ብቻ ነው የሚቀየረው። 30 ቢያደርጉ ዳገቱ 6 በመቶ ይቀላል፤ 28 ቢያደርጉ 12 በመቶ። ከለመዱት ማርሽ በላይ አንድ ሌላ የተጨመረ ያህል ይሰማዎታል።

የሚያጡት ፍጥነት ነው። በደቂቃ 90 ጊዜ ሲረግጡ በ32 ወደ 39 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይደርሱ ነበር። በ28 ወደ 34 ተኩል ይሆናል። ከዚያ በላይ የሚሄዱት ቁልቁለት ላይ ነው። ጫካ ውስጥ ቁልቁለት ሲወርዱ ደግሞ የሚያስቡት ፍሬን እንጂ ፔዳል አይደለም።

ሲገዙ የአሁኑን ይዘው ይሂዱ። የአስተሳሰሩ ዓይነትና ወደ ውስጥ የገባበት ሚሊ ሜትር አንድ ዓይነት ካልሆነ ካቴናው አግድም ይሄድብዎታል። ከ32 ወደ 28 ሲወርዱ ካቴናውም አንድ ኢንች ያህል ሊያጥር ይችላል፤ ሱቁ ይለካልዎታል። ባትሪውን 60 ሲሞላዎት እንነጋገርበታለን። ለባለቤትዎ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ከባሕር ዳር

«ሥራ የምሄደው በሳይክል ነው። ሁሉም ሜዳ ነው። 21 ማርሽ ይሻላል ወይስ 27?»

ሁለቱም አያስፈልግህም ወንድሜ። ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሰባት ይበቃል። በተረፈው ገንዘብ ጥሩ ፓራፋንጎ ግዛ። በክረምት ልብስህ ላይ የሚረጨውን ጭቃ ማርሽ አያቆምልህም።

ከሐዋሳ

«የ16 ዓመት ተማሪ ነኝ። ካቴናዬ አርጅቶ አዲስ አስገባሁ። አሁን ጠንከር አድርጌ ስረግጥ ቷ እያለ ይዘላል። ድሮ አይዘልም ነበር። የተበላሸ ካቴና ሸጠውልኝ ይሆን?»

ሻጩን አትውቀሰው። ካቴናው ደህና ነው። የተበላሸው የኋላው ጥርስ ነው።

ካቴና (ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፤ እንደ ፍሬንና እንደ ኩሽኔታ) ሲያረጅ ይረዝማል። ብረቱ ተለጥጦ አይደለም። መገጣጠሚያዎቹ ውስጥ ያሉት ፒኖች ተበልተው ነው። የረዘመው ካቴና ጥርሱን ቀስ እያለ በራሱ ልክ ይሞርደዋል። ሁለቱ አብረው ስላረጁ ይስማማሉ፤ አይዘልም። አዲስ ካቴና ስታመጣ ያንን የተሞረደ ጥርስ አይቀበለውም። በተለይ ብዙ የምትነዳባቸው ሁለት ሦስት ማርሾች ላይ ይዘላል። የማትነካቸው ላይ ሞክረው፤ እነሱ ላይ አይዘልም።

ስለዚህ የኋላውን ማርሽ መቀየር አለብህ። ከአሁን በኋላ ግን ካቴናውን በጊዜ ለካው። መለኪያ አትግዛ። የአናጢ ሜትር ኢንች ያለበት ጎን አለው። የልብስ ሰፊውን እንዳትዋስ፤ እሱ ራሱ ይለጠጣል። ካቴናውን ወጠር አድርገህ ከአንድ ፒን መሃል ጀምር፤ ልክ 12 ኢንች ላይ የሌላ ፒን መሃል መገኘት አለበት። ፒኑ ከ12 ኢንች በአንድ አሥራ ስድስተኛ ካለፈ፣ ማለትም አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል፣ አዲስ ካቴና ግዛ። ጥርሱ ይተርፋል። በአንድ ስምንተኛ ኢንች ካለፈ ጊዜው አልፏል፤ የኋላውንም አብረህ ትገዛለህ። ወሩ ሲጀምር አንዴ ለካው። ከመለካትህ በፊት በጨርቅ ጥረገው፤ አሸዋ ካለበት ሜትሩ ቢዋሽ አይፈረድበትም።