ፈንግል (የዶሮ በሽታ) የገባበት ዶሮ ቤት ኩስ ምን ይደረግ?

ኩሱን አሁኑኑ ጓሮ ልበትነው ወይ ላልከው፣ እንዳታደርገው፣ መጀመሪያ ከምረህ የበሽታው ቫይረስ እንዲሞት በራሱ ሙቀት ይብሰል።

ከዶሮ ቤቱና ከውሃ ጉድጓድ ራቅ አርገህ ከጤፍ ጭድ ጋር ቀላቅለህ እስከ ወገብ ከምረው፣ ስትጨብጠው የሚያያዝ ግን የማይንጠባጠብ ይሁን፣ ላዩን ደረቅ ጭድ ከዛ ላስቲክ አልብሰው፣ የጎንደርን ክረምት ታውቀው የለ፣ ዝናብ ከገባበት ይቀዘቅዛል። መሀሉ ቢያንስ 3 ቀን በተከታታይ ከ55 ዲግሪ በላይ መቆየት አለበት፣ በቴርሞሜትር ለካው።

2 ሳምንት አትንካው። ጠርዙ ስለማይሞቅ ከዛ ገልብጠህ ውጩን ወደ ውስጥ አስገባና እንደገና ይሙቅ።

እኔ አዘዞ እያለሁ ቸኩዬ በ4ኛው ቀን ገለበጥኩት፣ አቧራው ሲቦን በዛው ቦቲ ጫጩቶቹ ጋ ገባሁ፣ አለቁብኝ። ማስክ አርግ፣ አካፋውንም ጫማውንም ለብቻ ያዝ።