ጥያቄና መልስ፦ አስተዳደርና ፍርድ ቤት በአንድ ጣሪያ ስር?

ለአዲሱ መሥሪያ ቤት ጣሪያ የፋሲል ግንብ ዓይነት እንቁላል ቅርጽ ጉልላት ቢሠራለትስ?

ይቅርበት። ጎንደር የኮንክሪት እንቁላል ጠግባለች። ከግንቡ መውሰድ ካማራችሁ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳውን ውሰዱ።

አንድ አንባቢ ረዘም ያለ ደብዳቤ ጽፈዋል። በወረዳቸው አስተዳደሩና ፍርድ ቤቱ በአንድ ህንፃ ሊሠሩ ነው፤ ምክንያቱም ወጪ ለመቀነስ ነው ተብሏል።

አንድ ግቢ ይሁን፣ ግድ የለም። ውሃው፣ ጄኔሬተሩ፣ ጥበቃው የጋራ ቢሆን ገንዘብ ይተርፋል። አንድ በር ግን አይሆንም። ህገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 ላይ ዳኝነት ከማንኛውም የመንግሥት አካል ተፅዕኖ ነፃ ነው ይላል። ወረዳውን የከሰሰ ገበሬ በአስተዳዳሪው ቢሮ ደጃፍ አልፎ ችሎት ከገባ ይህን እንዴት ይመን? ነገሥታቱ እንኳ በፋሲል ግቢ ለዳኞች «ወምበር በር» የሚባለውን በር ለይተው ነበር።

ችሎቱም ሦስት መንገድ ይፈልጋል፦ ለዳኛ፣ ለእስረኛ፣ ለባለጉዳይ። የሚገናኙት ችሎት ውስጥ ብቻ ነው። እኔ የማየው ግን አንድ ኮሪደር ነው። ምስክሯ ከተከሳሹ ጎን አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ተራ ትጠብቃለች። ኋላ አንደበቷ ቢተሳሰር ይፈረድባታል?

መጠበቂያው ደግሞ ሁሌ ይረሳል። ባለጉዳይ ሌሊት ተነስቶ ከገጠር ይመጣል፤ ከሰዓት ላይ ምናልባት ሌላ ቀጠሮ ይሰጠዋል። በሐምሌ ዝናብ የት ይቁም? የስብሰባ አዳራሹን ከማስፋታችሁ በፊት ሰፊ በረንዳና መጸዳጃ ቤት ሥሩለት። አርክቴክቱን አሁኑኑ ጠይቁት፤ ኮለን (ምሰሶ) ከቆመ በኋላ የሚሰማችሁ የለም።

አባታቸው በዊልቸር የሚሄዱ አንባቢ፦ ችሎቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ «ሊፍት ይገባል» ተብለዋል።

መብራት ሲጠፋስ? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የህንፃ አዋጅ ቁጥር 624 እንኳ የሕዝብ መገልገያ ህንፃ ለአካል ጉዳተኛ እንዲመች አዝዟል። ሕዝብ የሚበዛበት ችሎትና መዝገብ ቤት ምድር ላይ ይሁን፤ ፎቁ ለቢሮ ይበቃል።

መረሬ አፈር ላይ መሠረት ተቆፍሯል፣ ችግር አለው? (ከፎቶ ጋር)

በፎቶ አልፈርድም። መረሬ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳውንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። የአፈር ምርመራ ውጤት ሳይታይ ኮንክሪት አይሞላ። አማካሪ መሐንዲሱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ በጽሑፍም ይመልስ። በስልክ «ችግር የለውም» ማለት መልስ አይደለም። እዚህ ላይ ድርቅ በሉ።

ወለሉ ሴራሚክ ወይስ ቴራዞ (በሲሚንቶና በድንጋይ ፍርፋሪ የሚሠራው)?

ቴራዞ። ሴራሚክ ክረምት ላይ በጭቃ ጫማ ያንሸራትታል።

የግድግዳውስ ቀለም?

ቀለም ቀቢ ይጠይቁ።