የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ለሚደርሳችሁ ወጣት ነጋዴዎች

ውድ ልጆቼ፣

ቸርችል ጎዳና ላይ ባለው ቢሮዬ የነጋዴ ሂሳብ እየሠራሁ አርጅቻለሁ። ከገቢዎች የተሰጣቸውን የግብር ውሳኔ ይዘው ከፒያሳና ከመርካቶ የሚመጡ ወጣቶች ብዙዎቹ የሚደርሱልኝ የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አንዳንዶቹም ካለፈ በኋላ ነው። ውሳኔው የተሳሳተ ሆኖ፣ ማስረጃውም በእጃቸው እያለ፣ በመዘግየታቸው ብቻ የማይገባቸውን ዕዳ ሲከፍሉ ማየት ያሳዝነኛል። ስለዚህ ማስታወቂያ በደረሳችሁ በዚያው ሳምንት ወደ ባለሙያ እንድትሄዱ አጥብቄ እመክራችኋለሁ።

ከግብር መሥሪያ ቤት የሚመጣ ወረቀት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ መረጃ እንድታቀርቡ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ሂሳባችሁ ኦዲት እንደሚደረግ ያሳውቃል፤ የታክስ ውሳኔ ማስታወቂያ ግን መብታችሁን በቀን ቆጥሮ የሚገድብ ነው። በፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ቅሬታ የሚቀርበው ማስታወቂያው ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በ21 ቀናት ውስጥ ነው። ፋይላችሁ በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ገቢዎች ቢሮ ሥር ከሆነም ማስታወቂያው የሚጠቅሰውን ሕግና የጊዜ ገደብ ባለሙያው በመጀመሪያው ቀን እንዲያይላችሁ አድርጉ። ወረቀቱን አልቀበልም ማለት አያዋጣም፤ ተቀባይ ካልተገኘ በንግድ ቤቱ በር ላይ ሊለጠፍ ይችላል። የሱቅ ሠራተኞቻችሁ እንዲህ ያለ ደብዳቤ በደረሰ ቀን ለእናንተ እንዲያስረክቡ አስጠንቅቋቸው፤ የደረሰበትንም ቀን ጻፉ።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው የቅሬታው ይዘት ነው። «ግብሩ በዝቶብኛል፣ አቅሜን ያገናዘበ አይደለም» የሚል ማመልከቻ ስሜትን ይገልጽ እንደሆነ እንጂ ውሳኔን አያስለውጥም። አዋጁ ቅሬታ አቅራቢው የተቃወመበትን ምክንያት በትክክል እንዲገልጽ፣ ምን እንዲስተካከል እንደሚፈልግ ከነምክንያቱ እንዲያስረዳ፣ ያልተከራከረበትንም የግብሩን ክፍል እንዲከፍል ይጠይቃል። ውሳኔው ስሕተት መሆኑን የማስረዳት ሸክምም የግብር ከፋዩ ነው።

በሥራችን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመውን ላሳያችሁ። አንዲት የኅትመት ሥራ ያላት ወጣት ከወንድሟ ገንዘብ ተበድራ ማሽን ትገዛለች እንበል። ኦዲተሩ የባንክ ሂሳቧን ሲያይ በዓመቱ የገባውን ገንዘብ በሙሉ ይደምርና ካስታወቀችው ሽያጭ በላይ የሆነውን ያልተገለጸ ገቢ ብሎ ይይዘዋል። እዚህ ላይ «ገንዘቡ ብድር ነው» ማለት ብቻ አይበቃም። ባለሙያው የባንክ መግለጫውን ረድፍ በረድፍ ይዞ፣ ከወንድሟ የገባውን ገንዘብ በቀኑና በመጠኑ ለይቶ፣ የብድር ውሉን፣ የማስተላለፊያ ደረሰኙንና ብድሩ የተመለሰበትን ማስረጃ አያይዞ፣ ከሽያጩ ላይ የሚቀነሰውን መጠንና ከዚያ በኋላ የሚደርሰውን ግብር በሠንጠረዥ ያሳያል። የማሽኑ ግዢ ሕጋዊ ደረሰኝ ካለውም ለብቻው ያቀርበዋል። እንዲህ የተዘጋጀ ቅሬታ የቅሬታ አጣሪውን ሥራ ያቀልለታል፤ የሚመረምረው ቁጥር ይሰጠዋልና። ውሉ በጊዜው በጽሑፍ ካልተደረገ ግን የትኛውም ባለሙያ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊጽፈው አይገባም፤ ላድርገው የሚላችሁ ካለ ከእሱ ራቁ።

የምትሄዱበትን ሰው በጥንቃቄ ምረጡ። በየገቢዎች ቅርንጫፉ ደጃፍ «ውስጥ ሰው አለኝ፣ እጨርስላችኋለሁ» የሚል አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው ማመልከቻ አይጽፍም፣ ማስረጃ አያደራጅም፤ ቀኑን ያስበላችኋል፣ ከዚያም አልፎ ወንጀል ውስጥ ሊያስገባችሁ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት የተቋቋመው የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ የሙያውን ሥራ ይቆጣጠራል፤ ስለዚህ የምትቀጥሩት የሂሳብ ባለሙያ የሙያ ፈቃዱን እንዲያሳያችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው፣ እሱም ቅር ሊለው አይገባም። የሥራውን ወሰንና ክፍያውን በጽሑፍ ተዋዋሉ። ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ውክልና የምትሰጡ ከሆነም ለዚሁ ጉዳይ ብቻ ይሁን፤ ባንክ ማንቀሳቀስንና ንብረት መሸጥን የሚጨምር ጠቅላላ ውክልና ለግብር ክርክር አያስፈልግም። ዋናውን ሰነድ እናንተ ዘንድ አስቀምጣችሁ ኮፒውን ስጡት፤ ዋናው የግድ ካስፈለገ በዝርዝር አስፈርማችሁ አስረክቡ።

ከባለሙያው ግን ምንም አትደብቁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ያልተቆረጠ ደረሰኝ ወይም በሌላ ባንክ ያለ ሂሳብ ካለ ከኦዲተሩ አፍ ከመስማቱ በፊት ከእናንተ ይስማው። ከውሳኔው ውስጥ ትክክል የሆነው ክፍል ካለም አምናችሁ መክፈሉ ይሻላል፤ ይህ በሕጉም የሚጠየቅ ነው፣ በቀሪው ላይ የምታነሡትንም ክርክር ተአማኒ ያደርገዋል።

ቅሬታውን ስታስገቡ የእናንተ ቅጂ ላይ መዝገብ ቤቱ ቀንና ቁጥር ጽፎ ማኅተም ያድርግበት። ሕመም፣ ከአገር ውጭ መሆን ወይም ሌላ በቂ ምክንያት ካለ ጊዜው ከማለቁ በፊት በጽሑፍ ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል፤ የሚፈቀደው ግን ከ10 ቀን አይበልጥም። በ180 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጣችሁ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን መሄድ ትችላላችሁ። የተሰጠው ውሳኔ ካላረካችሁም ይግባኙ የሚቀርበው በ30 ቀናት ውስጥ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 983/2008 እንደተደነገገው ለዚህ በክርክር ላይ ካለው ታክስ 50 በመቶውን መክፈል ያስፈልጋል፣ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲኬድ ደግሞ 75 በመቶ ይሆናል። ለጀማሪ ነጋዴ ይህ የሥራ ማስኬጃ ገንዘቡን ሁሉ ሊወስድበት ስለሚችል፣ ቅሬታው ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሳለ በሚገባ እንዲሠራ የምወተውታችሁ ለዚህ ነው። ዕዳው ትክክል ሆኖ በአንድ ጊዜ ለመክፈል ካልቻላችሁም፣ ቀኑ ሳያልፍ በጽሑፍ የጊዜ ማራዘሚያ ወይም በየጊዜው ከፍሎ የመጨረስ ጥያቄ እንዲያዘጋጅላችሁ ባለሙያውን ጠይቁት፤ በየወሩ ምን ያህል መክፈል እንደምትችሉም ሽያጫችሁንና ወጪያችሁን አይታችሁ አብራችሁ ወስኑ።