የጓሮ ጥያቄና መልስ፦ በሶብላ፣ ድንብላል፣ ጤና አዳምና የድሬዳዋ ውሃ

«በሶብላዬ ገና ሳይጠግብ አበባ አወጣ። ልቁረጠው ወይስ ልተወው?» (ከሳቢያን)

የተከልሽው ለምንድን ነው? ለበርበሬና ለሽሮ ከሆነ የምትፈልጊው አበባውን ነውና ተዪው። ዘለላው ዘር ቋጥሮ ከታች መድረቅ ሲጀምር ከነግንዱ ቆርጠሽ ጥላ ውስጥ ዘቅዝቀሽ ስቀዪው። የድሬ ፀሐይ ላይ ያሰጡት በሶብላ መዓዛው ተንኖ ገለባው ይቀራል። የምትፈልጊው ለምለም ቅጠሉን ከሆነ ግን እምቡጡ ብቅ እንዳለ ጫፉን በጥፍርሽ ቀንጥሺው፤ በአንዱ ፋንታ ሁለት ቀንበጥ ይሰጥሻል። ቦታ ካለሽ ሁለት ሥር ትከዪና አንዱን ለአበባ፣ ሌላውን ለቅጠል አድርጊው።

«ከቀፊራ የገዛሁት አብሽ ቢዘራ ይበቅላል?»

ያልተቆላ ከሆነ ይበቅላል።

«ኮረሪማ በግቢዬ መትከል አስቤያለሁ።» (ከለገሃሬ)

ይተዉት። ኮረሪማ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያን ጫካ ጥላና እርጥበት የለመደ ተክል ነው። ከገበያ ይግዙ፤ ቦታውን ለቃሪያ ይስጡት።

«እኅቴ ሐረር ላይ የምትዘራው ድንብላል ጎመን ያህላል። ከእርሷ ያመጣሁት ዘር ግን እኔ ጋ ጣት እንኳ ሳያክል ያብባል። ዘሩን መርጣ ያስቀረችብኝ ይመስለኛል።»

እኅትሽን አትጠርጥሪያት፤ ዘሩም ደህና ነው። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ልዩነት ብቻ የእናንተ ግቢ ከእርሷ ግቢ አራት ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ድንብላል ሙቀት ሲጫነው ቅጠሉን ትቶ ወደ ዘር ይሮጣል። ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ዝሪው። ክቧ ፍሬ ሁለት ዘር የያዘች ናትና በጠርሙስ ዳምጠሽ ከሁለት ክፈያት። ከተዘራበት ነቅለሽ ሌላ ቦታ አትትከዪው፤ ሥሩ መነካካት አይወድም። በየሦስት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ብትዘሪ ቅጠል አታጪም።

«ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ኩባያ አጠጣለሁ። ይሁንና አፈሩ ነጭ ቅርፊት አወጣ፣ የናናውም ቅጠል ጫፉ ነደደ። ጎረቤት ዓይን በላው ይሉኛል።» ይህን የጻፉልን ከከዚራ ነው። ከገንደ ቆሬም ይኸው ጥያቄ በሌላ ቃል ደርሶናል።

ዓይን አይደለም፤ ውሃው ነው። ሻይ የምናፈላበትን ማንቆርቆሪያ ከውስጥ ይመልከቱ፤ ግድግዳው ላይ የተጋገረውና አፈርዎ ላይ ያለው ነጭ ነገር አንድ ነው። የምንጠቀመው የከርሰ ምድር ውሃ በኖራ ድንጋይ መካከል እያለፈ ብዙ ካልሲየም ይዞ ይመጣል። ያንን ውሃ በኩባያ ሲያጠጡት ላዩን ብቻ ያረጥባል፤ ቀን ላይ ውሃው ይተናል፣ ጨውና ኖራው ይቀራል። በማግስቱ ሌላ ይጨመርበታል። በሁለት ወር ውስጥ ናናው ቆሞ የሚውለው ጨው ላይ ነው።

መጀመሪያ ቅርፊቱን ከሁለት ጣት አፈር ጋር ቀርፈው ይጣሉ፤ በምትኩ የበሰበሰ ፍግ ወይም የቅጠል ብስባሽ ይመልሱበት። ቀጥሎ ናናውን የተከሉት በጀሪካን ከሆነ የጀሪካኑን ሥር ይዩ። ቀዳዳ ከሌለው ምስማር አግለው አምስት ስድስት ቦታ ይብሱት። ከዚያ በኋላ ሲያጠጡ ውሃው ከሥሩ እስኪወርድ ድረስ ቀስ እያሉ ያጠጡና ይተዉት። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ከተው አፈሩ ደረቅ እስኪሆን አይድገሙት። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላም ጆንያ ይጋርዱለት፤ ናና የጠዋት ፀሐይ ይበቃዋል። የዝናብ ውሃ ኖራ የለበትምና በክረምት ከጣሪያ የሚወርደውን ያጠራቅሙ።

እዚህ ላይ ግን ቆም ልበል። ባለፈው እሑድ አንዲት ጎረቤቴ የጠጅ ሳሯን ልታሳየኝ ጠራችኝ። ጣሳውን ከነሳህኑ ስናነሳው ሳህኑ ውስጥ የቆመው ውሃ ይንቀሳቀስ ነበር። ጎንበስ ብለን ስናየው እንደ ክር የቀጠኑ እጮች እየተጠማዘዙ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ጠጅ ሳሩን የተከለችው ትንኝ ያባርርልኛል ብላ ነበር፤ ከሥሩ ትንኝ እያረባች እንደሆነ ስታይ እጇ ተንቀጠቀጠ።

ከተማችን ትንኝ የሚያስተላልፋቸውን የትኩሳት በሽታዎች፣ በ2006 ዓ.ም. ዴንጊን፣ በ2011 ዓ.ም. ችኩንጉንያን አይታለች። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በዕቃ ውስጥ በሚጠራቀም ውሃ የሚራባ የወባ ትንኝ በደረቁ ወራት ብዙ ሰው አሳመመ። እነዚህ ትንኞች ረግረግ አይፈልጉም፤ በርሜል፣ ባልዲ፣ የአበባ ሳህን ይበቃቸዋል። በእኛ ሙቀት ከእንቁላል እስከ ክንፍ ሳምንት ገደማ ነው። ስለዚህ ባጠጡ ቁጥር ሳህኑን ይድፉት። በሳምንት አንድ ቀን በብሩሽ ይፈትጉት፤ የዴንጊ ትንኝ እንቁላል ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ወራት ደርቆ ስለሚቆይ መድፋት ብቻ አይበቃም። የዝናብ ውሃ ያጠራቀሙበትን በርሜል ትንኝ በማያሳልፍ ጨርቅ ጥርቅም አድርገው ይሰሩ፤ ይህን ማድረግ ካልቻሉ ውሃውን አያጠራቅሙ፤ ናናው ኖራውን ይቻለው። ከቤተሰብ ትኩሳት የያዘው ሰው ካለ ሳይመረመር አስፕሪንም አይቡፕሮፌንም አይውሰድ፤ ዴንጊ ከሆነ መድኃኒቶቹ ደም ሊያፈሱ ይችላሉ።

«ምራቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ሆዷን ይነፋታል። ከጓሮዬ ጤና አዳም አፍልቼ ላጠጣት?» (አንዲት እናት ከሐረር ጁገል)

አያጠጧት፣ እናቴ። ጤና አዳም ማህፀን ያኮማትራል፤ ጽንስ እስከ ማስወረድም ሊደርስ ይችላል። እርስዎ ቡናዎ ላይ ጣል የሚያደርጓትን ቀንበጥ አልነካሁም፤ ምራትዎ ግን እርሷም ትቅርባት። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይውሰዷት፤ እስካሁን ጠጥታ ከሆነም ለአዋላጇ ሳይደብቁ ይንገሩ። ቁርጠት ወይም ደም ከታየ ነገን ሳይጠብቁ አሁኑኑ ይሂዱ። ሕፃኑ ሲወለድም የጤና አዳም ጭማቂ ለሆዱ ብለው እንዳያቀምሱት፤ እስከ ስድስት ወር ከእናቱ ጡት ሌላ ምንም አያሻውም። ጤና አዳሙን ሲቆርጡም ማታ ይሁን፤ እጅዎንም በሳሙና ይታጠቡ። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ ይቋጥራል።

«የቃሪያዬ ቅጠል ሥሩ በአረንጓዴ ጥቃቅን ነፍሳት ተሞላ። ዘመዴ ለጫት ማሳው የገዛው መድኃኒት ተርፎታል፤ ልርጨው?» (ከመልካ ጀብዱ)

በፍጹም። ስንት ቀን ቆይቶ እንደሚበላ የማታውቀውን መርዝ ልጆችህ ከሚበሉት ቃሪያ ላይ አትርጭ። ያየኸው ክሽክሽ ነው። ቅጠሉን ገልብጠህ በውሃ እጠበው። ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጠህ ማታ ማታ ከቅጠሉ ሥር እርጭ፤ በሦስተኛው ቀን ድገመው። ካልለቀቀ የቀበሌህን የግብርና ባለሙያ ጠይቅ። የመድኃኒቱን ጀሪካን ግን ባዶ ሲሆን እንኳ አጥበህ ቃሪያ አትትከልበት፣ ውሃም አትቅዳበት፤ ፕላስቲኩ የጠጣው መርዝ በማጠብ አይወጣም።