መልስ፦ ተፈናቅሎ የመጣው ልጅ ከስልክ ነጣቂዎች ጋር መዋል ጀመረ ላልሽው

እህቴ፣ ከወለጋ ተፈናቅሎ ጅማ እናንተ ጋ የተጠጋው የ16 ዓመቱ የአክስትሽ ልጅ እዚያው ጅማ መርካቶ ከስልክ ነጣቂዎች ጋር ይውላል ብለሻል። እነሱ ገና ሲጀምር ንጠቅ አይሉትም። ጫት ይጋብዙታል፣ ምሳ ይከፍሉለታል፤ ቀጥሎ «ይቺን ስልክ እስከ ነገ ያዝልኝ» ይመጣል። ሲም የሌለው ስልክ ፍራሹ ሥር ካገኘሽ እዚህ ደርሷል። ከዚያ የተጋበዘው ሁሉ ዕዳ ሆኖ ይቆጠርበታል፤ የሚያስረውም ዕዳው ነው። ዕዳውን የሚከፍልበትን ገንዘብ በእጁ አትስጪው፣ ሌላ ይጨምሩበታል። መግረፍማ ማደሪያውንም እነሱ ጋ ማድረግ ነው።

ስልኩን እንዳይሸጠው፤ የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መያዝ ራሱ ያስከስሳል። ከትልቅ ሰው ጋር ሆኖ ፖሊስ ጣቢያ ያስረክብ፤ ቢቻል አስቀድማችሁ ጠበቃ አማክሩ። በወንጀል ሕጉ (አዋጅ 414/1996) ለብቻ የሚታዩት ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉት ናቸው። እሱ በመደበኛው ሕግ ይከሰሳል፣ ዳኛው ግን በዕድሜው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ተፈናቃይ ወረቀቱን ጥሎ ስለሚመጣ ዕድሜው በግምት 18 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ የትምህርት ቤት ካርድ ወይም የክትባት ወረቀት ካሁኑ ፈልጉ። ቢያዝ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት።

ለሥራ እንጨት ቤት ጠይቁለት፤ በርጩማ የሚሠሩት ረዳት አያጡም። ክፍያው ግን በየቀኑ ይሁን፣ የወር ደመወዝ እስኪደርስ አይጠብቅም።